ጆሮው ያልተነካ የስለት በግ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አሰብሁ። በውስጡ የሞተ ሰው የለም፤ የተዘረፈ ባንክ የለም፤ ፍቅርም የለበትም፣ አንዲት እናት ለበጓ ያላት ፍቅር ካልተቆጠረ በስተቀር። ያለው አንዲት አሮጊት፣ አንድ በግና አንድ ታንኳ ነው። ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው ሁለቱ መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ሦስተኛዋ ደግሞ «ከዚያስ በጉ ተበላ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ቀልድ ነበር። በዚያ ቀን ጀልባው ላይ ለነበርነው ግን ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር አልነበረም። ስለዚህ ለእሷ መልስ እንዲሆን ልጻፈው።

ስሜ ባንቺአምላክ ነው። የመራዊ ልጅ ነኝ፤ ዘንድሮ ባሕር ዳር ገብቼ የአንደኛ ዓመት ትምህርቴን እየተማርሁ ነው። ጠባዬን በአንድ ነገር ልግለጸው፦ መምህር «እስኪ ማነው ፈቃደኛ?» ካለ ለምን እንደሆነ ሳልሰማ እጄን አወጣለሁ። በዚህ ምክንያት ሰሌዳ ስጠርግ፣ ወንበር ስሸከም፣ አንድ ጊዜም ለማላውቀው ሰው የሠርግ ካርድ ሳድል ኖሬያለሁ። የወደፊት ሐሳቤ ደግሞ ሐኪም መሆን ነበር። እናቴ ለመራዊ ገበያተኛ ሁሉ «ልጄ የሰው ሐኪም ልትሆን ነው» ብላ ተናግራ ጨርሳለች። «የሰው» የሚለውን ቃል ለምን ጠበቅ አድርጋ እንደምትናገረው ያኔ አይገባኝም ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ መምህር ክፍላችን ገብተው «የበግና የፍየል ክትባት ዘመቻ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያግዝ ተማሪ ይፈለጋል» አሉ። እጄ ወጥቶ ነበር። በጀልባ እንደሚኬድ የነገሩን እጄ ከወጣ በኋላ ነው።

ውኃ እፈራለሁ። ባሕር ዳር ከገባሁ ጀምሮ ሐይቁን የማየው ከዘንባባዎቹ ወዲህ ቆሜ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን የመኪናው መንገድ አያስተማምንም፤ ወደ ሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ለመሄድ ያለው አማራጭ ጀልባ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የክትባቱን የበረዶ ሣጥን አቅፌ ጀልባው ውስጥ ተቀመጥሁ። የጀልባው ባለቤት ጋሼ ሰይድ ይባላሉ፤ ቤተሰባቸው ከጥንት ጀምሮ በዓሣና በታንኳ ሥራ የሚተዳደር፣ ሐይቁን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሞተሩን አስነሥተው ዞር ብለው አዩኝና፣

«አንቺ ልጅ፣ ሣጥኑን ነው የያዝሽው ወይስ ሣጥኑ ነው አንቺን የያዘሽ?» አሉ።

«እንዳይወድቅ ነው ጋሼ።»

«እሱ ቢወድቅ ይንሳፈፋል። አንቺ ነሽ የምታሳስቢን።»

የዘመቻው ኃላፊ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለምነው ናቸው። ረጅምና ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ፍርሃቴን አይተው ይመስለኛል፣ መንገድ ላይ ያወሩኝ ጀመር።

«ልንከላከለው የምንሄደውን በሽታ ታላቅ ወንድም ታውቂዋለሽ? የከብት ደስታ ይባል ነበር።»

«ሰምቼ አላውቅም።»

«ደህና። አለመስማትሽ የሥራው ውጤት ነው» አሉ። «በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ገብቶ የአገሩን ከብት ፈጀ። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፤ ሰው ተራበ። ክፉ ቀን የሚሉት ያን ጊዜ ነው። ሰው የመሰለው የእግዜር ቁጣ ነበር። ምን በደልን ብሎ ይጸልያል እንጂ፣ ከአንዱ በረት ወደ ሌላው የሚሄድ በሽታ መሆኑን ማን ይንገረው? ብዙ ዘመን ቆይቶ ክትባት ተገኘለት። ከታቢዎች በበቅሎም፣ በእግርም፣ በታንኳም እየዞሩ ከተቡ። የተከተበውን ከብት ጆሮ ጫፉን ቆረጥ እያደረጉ ምልክት ያኖሩበት ነበር። በመጨረሻ ከዓለም ላይ ጠፋ። ጨርሶ የጠፋ የሰው በሽታ ፈንጣጣ ነው፤ የእንስሳ ደግሞ እሱ።»

«የእኔ አባት ናቸው በታንኳ ያመላለሷቸው» አሉ ጋሼ ሰይድ ከኋላ። «በረዶው እንዳይቀልጥ ሣጥኑን ከሐይቁ ዳር በሚበቅል እርጥብ ደንገል ይሸፍኑት ነበር። እስከ ደልጊ ድረስ ቀዝፈዋል።»

«በሽታው ሲጠፋ ታዲያ ደስ አላቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ደንበኛ አጡ እንጂ። ያ በሽታ ከዓለም ሲጠፋ የከሰረ ሰው ቢኖር የእኔ አባት ናቸው።»

ዶክተር ሳቁ። ከዚያ የዛሬው በሽታ የዚያው ዘመድ መሆኑን፣ የሚገድለውም በግና ፍየል እንደሆነ ነገሩኝ። ዐይንና አፍንጫውን ያዝረከርከዋል፣ አፉን ያቆስለዋል፣ ሆዱን ያስቀምጠዋል። በመጨረሻም አንድ ነገር አሉኝ፤ ያኔ እንደ ተራ ምክር ነው የሰማሁት፦ «የእኛ በሽተኛ አይናገርም። ስለዚህ የሥራው ግማሽ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ጠይቀሽ ደግሞ ዝም ብለሽ ማዳመጥ።»

የደረስንበትን መንደር ስም አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ የማወራውን ስታነቡ ይገባችኋል። ከሐይቁ ዳር ትልቅ ወርካ አለ። ሰው በጉንና ፍየሉን እየጎተተ ከሥሩ ተሰልፏል። ሕዝቡን የጠሩት የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ገበዝ ቄስ አዳነ ናቸው። ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቅ፣ ለታቦቱ የሚመጣውንም ስለት የሚቀበል ነው። ቄስ አዳነ አጭርና ደንዳና ናቸው፤ መነጽራቸው አንዱ ጆሮ ላይ በክር ታስሯል።

ሥራው መልካም ሄደ። ዶክተር ይወጋሉ፤ አብሮን የመጣው ረዳታቸው ጆሮውን ጫፉ ላይ ቆረጥ ያደርጋል፤ እኔ ሣጥኑን እጠብቃለሁ። ተራው እማማ ይታይሽ ላይ ሲደርስ ሰልፉ ቆመ።

እማማ ይታይሽ ከዓሣ አስጋሪ ባላቸው ሞት በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ አሮጊት ናቸው። ያላቸው አንድ በግ ነው፤ ነጭ ወጠጤ፣ ቀንዱ የተጠቀለለ፣ እንደ ሙሽራ የታጠበ።

«ይኼ አይነካም» አሉ። «የስለት ነው። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት።»

በዚያ አገር የስለት በግ ነውር የሌለበት መሆን አለበት። ቀንዱ ያልተሰበረ፣ እግሩ የማያነክስ፣ ጆሮው ሙሉ። ጆሮው የተቆረጠ በግ ለታቦት ይዞ መሄድ ማለት ለሠርግ የተቀደደ ልብስ እንደመልበስ ነው። ዶክተር ይህን ስለሚያውቁ ተከራክረው አላስጨነቋቸውም። «እንግዲያው ወደ ጎን ይቁሙ እማማ። የእርስዎን መጨረሻ ላይ እንመካከርበታለን» አሉ።

ይህን ደግነት ሰልፉ በሙሉ ሰማው።

ቀጥሎ የነበረው ጎልማሳ በጉን እያሻሸ «የእኔም የስለት ነው» አለ። ከእሱ ኋላ ያለችው ሴት «የእኔ ሁለቱም» አለች። ከዚያ ነገሩ እንደ እሳት ዞረ። ጆሮ ማስቆረጥ ማንም አይወድም፤ ገበያ ላይ ዋጋ ይቀንሳል ብለው ያምናሉ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ በዚያ ወርካ ሥር ያልተሳለ በግ ጠፋ። አንዱ ፍየሉን «የሚካኤል ነው» አለ። ጠቦት የያዘ አንድ ሽማግሌ ደግሞ የማን እንደሆነ ቢጠየቅ «ገና አልወሰንሁም፤ ግን የስለት ነው» ብለው አረፉት። ዶክተር መርፌውን እንደያዙ ቀሩ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ቶሎ ካልተወጋ ይደፋል። እኔ በረዶውን እያየሁ ላብ አጠመቀኝ።

ይኼን ጊዜ ቄስ አዳነ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ።

«እሰይ» አሉ፤ ፊታቸው በርቷል። «እኔ እኮ ይህ አጥቢያ ስለት የረሳ መስሎኝ ሳዝን ነው የከረምሁት። ለካ በልባችሁ ይዛችሁት ነው። የካቲት ዐሥራ ስድስት ዘንድሮ እሑድ ነው፤ ደግሞ የቅበላው ቀን ነው። በማግሥቱ ዐቢይ ጾም ስለሚገባ ማቆየት የለም፤ ሁሉም በዚያው ቀን ይታረዳል። ከአጥሩ ወዲህ ማሰሪያ እንተክላለን። በሉ በየተራ እየመጣችሁ ንገሩኝ። በቄስ ፊት የተነገረ ስለት እንደማይታጠፍ ለእናንተ አልነግርም።»

 የሚሰማው የበግ ድምፅ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የተናገረው ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባ፣ የእኔ እንኳ... ልሳል ብዬ አስቤ ነበር ለማለት ነው።»

«ሐሳብም መልካም ነው፤ እናስገባልህ?»

«ኧረ የለም። ዶክተር፣ ይህን በግ ጆሮውን ይቁረጡልኝ። ከሩቅ እንዲታይ አድርገው።»

«የእኔን ሁለቱንም ጆሮ» አለች ሴትየዋ።

ከዚያ በኋላ ሰልፉ ወደ ግፊያ ተለወጠ። የተቆረጠ ጆሮ «ይህ በግ የማንም ስለት አይደለም» የሚል ምስክር ሆነ። ባለ ፍየሉ ሚካኤልን ይቅርታ እየጠየቀ ፍየሉን ከፊት አቀረበ። ዶክተር ቀና ብለው ሳያዩ እስኪያልባቸው ወጉ። ቄስ አዳነ በአጠገባቸው ቆመው እያንዳንዱን ጆሮ በኀዘን እያዩ «ይኼም ቀረብን፣ ይኼም ቀረብን» ይሉ ነበር።

ሰልፉ አልቆ ጥቂት ክትባት ሲቀር ወደ ጎን ዞርሁ። እማማ ይታይሽ የሉም። በጉም የለም።

«ዶክተር ባንቺ» ብለው ጠሩኝ ጋሼ ሰይድ ከውኃው ዳር። ከጠዋት ጀምሮ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው። «በሽተኛሽ ተሳፍሮልሻል።»

ወደ ሐይቁ አየሁ። ከዳርቻው ራቅ ብሎ አንድ የደንገል ታንኳ እየሄደ ነው። ከኋላ እማማ ይታይሽ ይቀዝፋሉ፤ ከፊት በጉ እንደ ሹም ቆሟል።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አሉ ዶክተር እየሮጡ መጥተው።

«እህቷ ጋ ይሆናላ፣ ከዚያ ማዶ» አሉ ጋሼ ሰይድ በእጃቸው እያመለከቱ።

ዶክተር ወዳመለከቱት አቅጣጫ አዩ። ወዲያው ደግሞ «ማዶ በጎች እያስነጠሱ ነው የሚል ወሬ ትናንት ደርሶኛል። ነገ ልሄድ ያሰብሁት እዚያ ነው» አሉ። ሁላችንም ገባን። እማማ ይታይሽ በጋቸውን ከመርፌ አድነው በሽታው ወዳለበት በረት እየወሰዱት ነው።

ሣጥኑን ይዤ ጀልባው ላይ ስወጣ ውኃ መፍራቴን ረስቼ ነበር፤ ያስታወስሁት መሐል ከደረስን በኋላ ነው። ቄስ አዳነም ጥላቸውን ይዘው ገቡ፤ ረዳቱ ከዳር ቀረ። መንገድ ላይ ጋሼ ሰይድ የስለቱን ነገር ነገሩን፤ ያኔ አልቀለዱም።

«እዚሁ ጀልባ ላይ ነው የተሳለችው። ልጇ ምጥ ጸንቶባት በሌሊት ወደ ባሕር ዳር ስወስዳት ነበር። እናትየው ይቺን ቦታ ይዛ»፣ የጀልባውን ጠርዝ መታ መታ አደረጉ፣ «ልጄንና የልጄን ልጅ ካተረፍሽልኝ ነጭ በግ አለች። ሁለቱም ተረፉ። አምና በጉን አዘጋጀች፤ ለበዓሉ ጥቂት ሲቀረው ሞተባት። ከዚያ ወዲህ ሕፃኑ ባሳለ ቁጥር ስለቴን አልተቀበለችኝም፣ ልጁን ልትወስደው ነው እያለች አትተኛም። ይኼኛው ከሞተባት እንጃ።»

ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ጀምሯል፤ ውኃው ይንቀጠቀጣል። ታንኳው ሲቃረብ ጋሼ ሰይድ ሞተሩን አጠፉ፤ ማዕበላችን ይገለብጣቸዋል ብለው። በመቅዘፊያ ቀስ እያልን ተጠጋን።

«ሰይድ፣ አንተም ከእነሱ ጋር ሆንህ?» አሉ እማማ ይታይሽ መቅዘፋቸውን ሳያቆሙ።

«እኔ ባለ ጀልባ ነኝ እማማ። የተሳፈረውን ነው የምጭነው።»

«ይታይሽ» አሉ ቄስ አዳነ በጥላቸው ሥር ሆነው። «ተመለሺ። ያንቺን ስለት እኮ አልጠረጠርሁም። እነዚያን ነው የገሠጽሁት።»

«ይፍቱኝ አባ። ለሌላ ነገር እታዘዛለሁ። ጆሮው ከተቆረጠ ግን እርስዎም አይቀበሉኝ፣ እሷም አትቀበለኝ።»

እውነታቸውን ነው። ዶክተር በለሰለሰ ድምፅ ማዶ በሽታ እንዳለ አስረዱ።

«ምን በሽታ? እህቴ ትናንት ልካብኝ ነበር። በጎቿን ጉንፋን ቢጤ ነው የያዛቸው። አፍንጫቸው ይዝረከረካል እንጂ ሌላ ምንም የላቸውም።»

ዶክተር ዐይናቸውን ጨፈኑ። «እማማ፣ እሱ ነው በሽታው።»

«እናንተ ጉንፋኑንም በሽታ ትሉታላችሁ፤ መርፌ እንድታገኙበት።»

ነፋሱ ታንኳውን ወደ ማዶ ይገፋል። የዳርቻው ዛፎች ጎልተው መታየት ጀምረዋል። ቄስ ተናግረዋል፣ ሐኪም ተናግረዋል፤ ጋሼ ሰይድ የሚቀዝፉበትን ክንዳቸውን ያሻሉ። እኔ ለመናገር ማንም አልጠየቀኝም። እጄን አወጣሁ።

አዎ፣ ሐይቁ መሐል ላይ እንደ ክፍል ተማሪ እጄን አወጣሁ። እማማ ይታይሽ ግራ ተጋብተው መቅዘፋቸውን አቆሙ።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ?»

«ልጠይቅዎት ፈልጌ ነው እማማ» አልሁ። «የአምናው በግ ሲሞት እንዴት ሆኖ ነው?»

መቅዘፊያቸው ጉልበታቸው ላይ ዐረፈ።  ይህን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ይመስለኛል። ዶክተር ጠዋት እንደመከሩኝ ለማዳመጥ ጠበቅሁ።

«መጀመሪያ ዐይኑ አለቀሰ» አሉ። «ስለቱ መጠላቱን ዐውቆ ነው አልሁ። ከዚያ አፍንጫው ዘጋው። ሣር ብሰጠው እምቢ አለኝ፤ አፉን ባየው ድዱ ቆስሏል። በመጨረሻ አስቀመጠው። በእጄ ውኃ እያጠጣሁት ሞተ።»

ዶክተርን አየኋቸው። እሳቸው ግን እኔን አላዩም፤ ወደ ታንኳው ጎንበስ ብለው ነበር።

«እማማ፣ ጠዋት ስንመጣ ለዚች ልጅ የነገርኋት ይህንኑ ነው። ዐይን፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ ሆድ። የእርስዎን በግ የገደለው እሱ በሽታ ነው። ከብዙ ሰው በጎች ጋር ነው የገደለው፤ የተሳለውንም ያልተሳለውንም።»

«በሽታ ብቻ?»

«በሽታ ብቻ።»

እማማ ይታይሽ ወደ ቄስ አዳነ ዞሩ። «አባ፣ እንግዲያው ስለቴን አልጠላችውም?»

ቄስ አዳነ መነጽራቸውን አወለቁ። «እሷ አልጠላችውም። እኔ ግን ዓመት ሙሉ ይህን በልብሽ ይዘሽ አለመንገርሽን ጠልቼዋለሁ። ገበዝ የሆንሁት በግ ለመቁጠር ብቻ ነው እንዴ?»

እማማ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ ታንኳውም አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ በጉ ሚዛኑን ለመጠበቅ እግሩን ከፈተ።  ቆይተው ፊታቸውን ገልጠው «ጆሮውስ?» አሉ።

ጥያቄው እውነተኛ ነበር። ዶክተር ያለ ምልክት መተው አይችሉም፤ ቀጥሎ የሚመጣ ከታቢ ምልክት የሌለውን በግ እንዳልተከተበ ቆጥሮ ይወጋዋል። ደግሞ የተከተበ በግ ለሦስት ሳምንት አይታረድም። ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ፤ እስከ በዓሉ ያለው ሦስት ሳምንት ከአንድ ቀን ነው። ዛሬ ካልተወጋ ለዚህ ዓመት አይሆንም።

«ምልክቱ እኔ ልሁን» አሉ ቄስ አዳነ። «ስለቱን አሁን ተቀብዬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ አስገባዋለሁ። እስከ በዓሉ ከሌላ በግ አይገናኝም። ከታቢ ቢመጣ እኔን አልፎ ነው የሚገባው።»

«እንዲያውም ጥሩ ነው» አሉ ዶክተር። «ክትባቱ እስኪይዝለት ለብቻው መቆየት አለበት።»

«መርፌውስ? ቀዳዳው ነውር አይሆንም?» አሉ እማማ።

«እሱን አይቼ እነግርሻለሁ» አሉ ቄስ አዳነ።

በጉን የሚይዝ ሰው አስፈለገ። ጋሼ ሰይድ ሁላችንንም በዐይናቸው መዘኑና «ታንኳው የሚችለው ዶክተር ባንቺን ብቻ ነው» አሉ። አማራጭ ቢኖር እጄን አላወጣም ነበር። ወደ ታንኳው የተሻገርሁት በእግሬ ይሁን በሆዴ አላስታውስም። ደንገሉ ርጥብ ነው፣ ከሥሩ ውኃው ይሰማል። የበጉን አንገት አቀፍሁ፤ እሱም የፈራ ሰው እንዳቀፈው ገብቶት ነው መሰለኝ ጸጥ አለ። ጋሼ ሰይድ ታንኳውን በእጃቸው ከጀልባው ጋር አጣብቀው ያዙ፤ ዶክተር ጎንበስ ብለው ከትከሻው ኋላ ወጉት። በጉ ምንም አላለም። የጮህሁት እኔ ነኝ።

«ማንን ነው የወጉት ዶክተር?» አሉ ጋሼ ሰይድ።

ቄስ አዳነ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው በጀልባው ጠርዝ ተንጠልጥለው ጸጉሩን እየከፈሉ ፈለጉ። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ዶክተርም ቦታውን ሊያሳዩዋቸው ሞክረው አጡት።

«የለም» አሉ ቄስ በመጨረሻ። «እኔ በመነጽር ፈልጌ ያጣሁትን ነውር ኪዳነ ምሕረት አትከስሽበትም።»

እማማ ይታይሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ከዚያ ታንኳቸውን አዞሩ። እኔ ወደ ጀልባው ልመለስ ብል «ተቀመጪ፣ በጉ ለምዶሻል» አሉኝ። እስከ ዳርቻው የሄድሁት በታንኳ ነው፣ በግ አቅፌ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ረጅም ነበሩ። ዶክተር በማግሥቱ ማዶ ሄደው ከተቡ፤ የታመሙት ግን ቀድመው ታመው ነበር፣ ከእማማ እህት በጎች የተረፉት ጥቂት ናቸው። እኔ በየቀኑ ለጋሼ ሰይድ ስልክ እደውል ነበር። እሳቸውም የሚያስቡልኝ በራሳቸው መንገድ ነው። አንድ ቀን ገና ሳልጠይቃቸው «በጉ አስነጠሰ» አሉኝ። ፊቴ ሲገረጣ ጓደኞቼ ሰው የሞተ መስሏቸው ተነሡ። ለካ የቄስ አዳነ ባለቤት በአጥሩ ማዶ በርበሬ አስጥታ ኖሯል። «ቄሱም አስነጥሰዋል፤ እሳቸውን ግን አልጠየቅሽኝም» አሉ።

አንባብያን ሆይ፣ ይህ አንድ ቅዳሜ ሕይወቴን ለወጠው ብል ታምኑኛላችሁ? የትምህርት ክፍል ስንመርጥ የመጀመሪያ ምርጫዬ የእንስሳት ሕክምና ሆነ። እናቴ ስትሰማ «የሰው» የሚለውን ቃል ለምን ታጠብቀው እንደነበር ገባኝ፤ ይህን ቀን ሳትፈራ አልቀረችም። አሁን ገበያተኛው ሲጠይቃት «ሐኪም» ብላ ታልፋለች። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ፦ ዶክተር በዚያ ቀን የወጉት በግ ነው፤ እንቅልፍ ያገኙት ግን እማማ ናቸው። ያ ታላቁ የከብት በሽታ ከዓለም የጠፋው በክትባት ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ትክክልም ነው። ሆኖም ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት አንድ ባለ ከብት «እሺ» ማለት ነበረበት፤ ያንን እሺታ ለማግኘት ደግሞ አንድ ሰው በረቱ ድረስ፣ ካስፈለገም ሐይቁ መሐል ድረስ ሄዶ ምን እንደሚያስፈራው መጠየቅ ነበረበት። እናንተም በግ ቢኖራችሁና ከታቢ ቢመጣ ጆሮውን አትሰስቱበት። በእርግጥ የተሳላችሁ ከሆነ ንገሩ፤ ካልተሳላችሁ ግን አጠገባችሁ ገበዝ አለመኖሩን አረጋግጡ።

ለበዓሉ በጋሼ ሰይድ ጀልባ ሄድሁ፤ ጠርዙን ሳልይዝ። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ አዳነ በጉን በሕዝቡ ፊት አውጥተው ሁለቱንም ጆሮ ከፍ አድርገው አሳዩ። «ሙሉ ነው» አሉ። ከሰልፉ ሰዎች ብዙዎቹ ዐይናቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። እማማ ይታይሽ የልጅ ልጃቸውን አዝለው ነበር፤ ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ የበጉን ቀንድ ነካና ሁለት ጊዜ አሳለ። ልቤ ደንገጥ አለ። እማማ ግን የሕፃኑን ጀርባ መታ መታ አድርገው «ጉንፋን ነው» አሉና፣ ወደ እኔ ዞር ብለው «የሰው ጉንፋን» ብለው ጨመሩ።

ጓደኛዬ፣ ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው፦ አዎ፣ በጉ እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ተበላ። አጥቢያው በሙሉ ቀመሰው፤ ለእኔ ጎድን ደረሰኝ። እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.